የሂካፕ እናት 20 ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የፊልም ጽሑፍ ስለሚያስተምሩ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። የ9 ዓመት ወንድም አለኝ። ‹ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን› የሚለውን አኒሜሽን ሦስቱንም ክፍል ከእሱ ጋር ስንቴ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ሰሞኑን ግን አንድ ጥያቄ ይዞ አላስቀምጥ አለኝ። የሂካፕ እናት በሕይወት ካለች 20 ዓመት ሙሉ ለምን አልመጣችም? ዘንዶ እኮ አላት፣ በርራ መምጣት ትችላለች ይለኛል። እኔም ሳስበው ሌላ የታሪክ ቀዳዳ ታየኝ። ያን ሁሉ ጠላት አሸንፈው ሲያበቁ ሰዎቹና ዘንዶዎቹ ለምን ተለያዩ? ቱዝለስስ አለቃ ሆኖ ለምን ሄደ? ጸሐፊዎቹ ረስተውት ነው ወይስ እኛ ነን ያልገባን?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ወንድምሽን አመስግኚልኝ። «ዘንዶ እኮ አላት» የምትለዋ ነገር የዋዛ አይደለችም። እኔ የምተዳደረው የሰው ድራማና የፊልም ጽሑፍ በማረም ነው። የሥራዬ ግማሽ፣ ተመልካች ከመጠየቁ በፊት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ወንድምሽ በነጻ ለሚሠራው ሥራ እኔ ይከፈለኛል ማለት ነው።

ላላየው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ የሚካሄደው በርክ በምትባል ቀዝቃዛ ደሴት ላይ ነው። ቫይኪንጎቹ ከዘንዶ ጋር 300 ዓመት ተዋግተዋል። የአለቃው የስቶይክ ልጅ ሂካፕ 15 ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው፣ ጉልበት የለውም፣ አፉ ግን አያርፍም። አንድ ሌሊት ራሱ በሠራው መሣሪያ ናይት ፊውሪ የሚባለውን ጥቁር ዘንዶ መትቶ ይጥላል። ያን ዘንዶ በቅጡ ያየው ሰው የለም። በርኮች ስለ ዘንዶ በጻፉት መጽሐፍ ላይ እንኳ ፍጥነቱም መጠኑም አይታወቅም ተብሎ ታልፏል። ሂካፕ ሊገድለው ቢላዋ መዘዘ። አልቻለም። ገመዱን ቆርጦ ፈታው። ቱዝለስ ብሎም ጠራው፣ ጥርስ አልባ እንደ ማለት። ዘንዶው ሲወድቅ ከጭራው የግራውን መቅዘፊያ አጥቷል። ሂካፕ ምትኩን ከብረትና ከቆዳ ሠራለት። በፊልሙ መጨረሻ ሂካፕ ራሱ ግራ እግሩን ያጣል። ይህ የ2010ሩ ነው። ሁለተኛው በ2014፣ ሦስተኛው በ2019 ወጣ።

ወደ ቀዳዳው ከመግባቴ በፊት አንድ የራሴን ጉድ ላውራሽ።

ከዓመታት በፊት ደሴ ሆነን አንድ የሬዲዮ ድራማ ለሦስት እየተፈራረቅን እንጽፍ ነበር። በ4ኛው ክፍል የልጅቷን አባት እኔ ገደልኩት። አሳምሬ ነው የገደልኩት። የዝናብ ድምፅ አለው፣ ሙሾ አለው፣ ሳል አለው። በ17ኛው ክፍል ጓደኛዬ የልጅቷን ሠርግ ጻፈ። አባትየው ብድግ ብሎ መረቀ። ተዋናዩ አነበበው፣ ባለሙያው ቀረጸው፣ ተላለፈ። ማናችንም ልብ አላልነውም።

በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ቡና ልገዛ ወረድኩ። ደንበኛዬ እናት ሚዛኑን እንደያዙ ቀና አሉና፣ «አንተ፣ የቀበራችሁትን ሰውዬ ሠርግ ጠራችሁት?» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «እኔ እኮ አልቅሼለት ነበር። እንባዬን መልሱልኝ» አሉ። ቡናውን ልክ በልኩ መዘኑልኝ። የወትሮዋን ምርቃት ያን ቀን አልጨመሩም።

ልጅ ሳለን ተረት ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባል ነበር። የሴትየዋ «እንባዬን መልሱ» የዚያ ግልባጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ የምለካው በእሳቸው ሚዛን ነው። ስህተቱ የተመልካቹን እንባ፣ ሳቅ ወይም ፍርሃት ከንቱ አስቀርቶበታል ወይ? ካስቀረበት ቀዳዳ ነው። ካላስቀረበት የሰዓት ማለፊያ ጨዋታ ነው። እንዲያውም ደስ ይላል።

እንግዲህ የሂካፕን እናት ቫልካን በዚህ ሚዛን እናስቀምጣት። በመጀመሪያው ፊልም ላይ እናትየው እንደሞተች ነው የምናስበው። ግን አንድም ቦታ አልቅሱላት አልተባልንም። ስሟ የሚነሳው በቀልድ መሃል ነው። ስቶይክ ለልጁ ባለ ቀንድ የራስ ቁር ይሰጠዋል። ከምን እንደተሠራ ሲነግረው ለካ ከእናቱ የደረት ብረት ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ አባትየው ጋ አለ። ልጁ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ የት እንደሚያደርገው ጨነቀው። እኛም ሳቅን። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለዚህ በ2014 ቫልካ ጭምብሏን አውልቃ ብቅ ስትል የምናስመልሰው እንባ የለንም። የእኔን የሬዲዮ አባት የሚያህል ወንጀል አልተፈጸመም።

እንዲያውም መለጠፊያው በደንብ የተሰፋ ነው። ሂካፕ አገጩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለችው። ሁለተኛው ፊልም ያችን ጠባሳ ይዞ ይነሳል። ክላውድጃምፐር የሚባለው ዘንዶ ቤት ሰብሮ ሲገባ ሕፃኑ ሂካፕ አልጋው ውስጥ ነበር። ቫልካ ልጄን በላብኝ ብላ ስትሮጥ ዘንዶው ከሕፃኑ ጋር ሲጫወት አገኘችው። ጥፍሩ ሳያስበው የልጁን አገጭ ጫረ። ቀጥሎ ስቶይክ ደረሰ፣ እሳት ተነሳ፣ ዘንዶው ቫልካን ይዟት በረረ። ከ20 ዓመት በኋላ ልጇን የለየችው በዚያች ጠባሳ ነው። እጇን ወደ ፊቱ ስትዘረጋ አይተሻታል መቼም።

ታዲያ ለምን አልተመለሰችም? እሷ የምትሰጠው ምክንያት እኔ ከሌለሁ ትድናላችሁ ብዬ አሰብኩ የሚል ነው። ዘንዶ መግደል አልችልም፣ በርክ ደግሞ ዘንዶ ከመግደል ሌላ ሕይወት አታውቅም ባይ ናት። ወንድምሽ ይህ አልዋጥ ቢለው አልፈርድበትም። እኔንም ሙሉ በሙሉ አልዋጠኝም።

ግን እስቲ ዙሪያሽን ተመልከቺ። ከሐብሩ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከዚያው ከኮምቦልቻ ስንት እናት ነው ዓረብ አገር የሄደችው? የጎረቤቴ ልጅ ሁለት ዓመት ብላ ሄዳ ከ11 ዓመት በኋላ ተመለሰች። መጀመሪያ ገንዘቡ አልሞላም። ቀጥሎ ወረቀቱ ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷም በደንብ አታስረዳም፣ እኔ ግን እፍረት ይመስለኛል። ትታው ስትሄድ የ2 ዓመት ልጅ ነበር፣ አያቱ ናቸው ያሳደጉት። የመጣች ቀን ሻንጣ ሲከፈት እዚያው ነበርኩ። ለልጇ ጫማ ይዛለች። ነጭ ነው፣ ከሥሩ መብራት የሚያበራ። ልጁ 13 ዓመቱ ነው፣ እግሩ የአባወራ እግር ሆኗል። ጫማው ተረከዙን እንኳ አላስገባም። እሷ በሐሳቧ ያስቀመጠችውን እግር ነበር የለካችው። ልጁ ጫማውን መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። ለምን ቶሎ አልመጣሽም ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። በዚያን ቀን አይጠየቅማ።

ስቶይክም አልጠየቀም። ቫልካ ሚስቱ ሆና ሳለ እንደ ወንጀለኛ ቆማ ጩኽብኝ፣ ስደበኝ፣ ምነው የሆነ ነገር በለኝ ትለዋለች። ያ ተራራ የሚያህል ሰውዬ ቆቡን ጥሎ ቀስ ብሎ ይጠጋትና፣ ያጣሁሽ ቀን እንደነበርሽው ውብ ነሽ ይላታል። ጸሐፊዎቹ ጥያቄውን ረስተውት አይደለም። ጥያቄውን በራሷ አፍ አስነስተው መልሱን ለስቶይክ ዝምታ ነው የሰጡት። ብልጠት ነው፣ ትንሽም ማጭበርበር አለበት። እሱ ካልጮኸ እኛ እንዴት እንጮሃለን?

ስህተት ካለ እዚህ ጋ ሂካፕ ላይ ነው። ባልየው ይቅር ይበል። ልጁ ግን 20 ዓመት ያለ እናት ያደገ ነው። ግማሽ ቀን እንኳ አልተቆጣም። ወዲያው ዘንዶዎቿን ታሳየው ጀመር፣ ተከትሏት በረረ፣ ተደሰተ። ጽሑፉ እኔ ጋ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ጠርዙ ላይ «ልጁ መቼ ነው የሚናደደው?» ብዬ በቀይ እጽፍ ነበር። ያ የባለ ጫማው ልጅ እናቱን እማዬ ብሎ ለመጥራት ሁለት ወር ፈጅቶበታል።

አንድ ሌላ ነገር ልጠቁምሽ፣ ወንድምሽ ይወደዋል። በመጀመሪያው ፊልም ሂካፕ ለሚወዳት ልጅ ለአስትሪድ ምን እንደሚላት ታስታውሻለሽ? በ300 ዓመት ውስጥ ዘንዶ አልገድልም ያልኩ የመጀመሪያው ቫይኪንግ እኔ ነኝ ይላታል። ሁለተኛው ፊልም ሲመጣ ይህ ሐሰት ሆነ። ከእሱ በፊት እናቱ ነበረች። ጦርነቱ ይቁም ብላ መንደሩን ስትለምን ኖራለች። ስቶይክ ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። ልጁ ብቻ አልተነገረውም። በ2010 ጽሑፉን የጻፉት ሰዎች ይህን አስበውት አይመስለኝም። ኋላ የመጣ እራፊ ነው። ግን ምን ዓይነት ሸጋ እራፊ! አሁን ተመልሰሽ የመጀመሪያውን ስታዪ ስቶይክ ልጁን «ልጄ አይደለህም» ብሎ ሲክደው፣ ልጁ ውስጥ ያየው ሚስቱን እንደሆነ ይገባሻል። ሳይታሰብ የገባ ቀዳዳ ታሪኩን ሲያወፍረው በሥራዬ ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም።

መቼም ስለ ዘንዶ ሲወራ የኛን ሰው ዓይን መርሳት አይቻልም። እኛ ዘንዶን ከፈረስ ኮቴ ሥር እያየን ያደግን ነን። ላሊበላ ሄደሽ ቤተ ጊዮርጊስ ብትወርጂ የቅዱሱ ፈረስ የረገጠበት ይኸው ብለው ድንጋዩ ላይ ያሳዩሻል። በየሥዕሉ ላይ ዘንዶው አፉን ከፍቶ ጦር ይውጣል። ስለዚህ ሂካፕ ቢላዋውን ሲያወርድ ለኛ ልጅ ነገሩ ለፈረንጅ ልጅ ከሚሆነው በላይ ይደንቃል። ቢሆንም ደግ ዘንዶም አናጣም። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸው ዘንዶ ነው ይባላል። ገመድ ሆኖ። ተረቱም ቢሆን በብዙ አፍ ይነገራል። አርዌን አንዱ ተራኪ አጋቦስ መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ገደለው ይላል። ሌላው ቅዱሳን በጸሎት ጣሉት ይላል። ቀዳዳ ነው ብሎ የሚጮህ የለም፣ ተራኪው ሌላ ነዋ።

እዚህም እንዲሁ ነው። ፊልሙ የተነሳው ክሬሲዳ ካውል የምትባል እንግሊዛዊት በ2003 ከጀመረቻቸው መጻሕፍት ነው፤ 12 ናቸው። በመጽሐፉ ቱዝለስ ትንሽዬ፣ ሰነፍና ሆዳም ነው፣ እሱን ጋልቦ መብረር አይታሰብም። ክሪስ ሳንደርስና ዲን ደብሎይስ ፊልሙን ሲረከቡ ለመውጣት የቀረው ከአንድ ዓመት ብዙም አይበልጥም ነበር። ዘንዶውን አሳደጉት፣ አጠቆሩት፣ የሚያስፈራም አደረጉት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው «ተሳስተዋል» ቢልሽ ተራኪው ሌላ ነው በይው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ። አሠልጣኙ ጎበር በመጀመሪያው ፊልም ለልጆቹ ዘንዶ ሁሉ የሚተፋው እሳት በቁጥር የተወሰነ ነው ብሎ ያስተምራል። ግሮንክል የሚባለው 6 ጊዜ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ይቺን ሕግ የሚያስታውሳት የለም፣ እሳቱ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ይቺ የጸሐፊ ስንፍና ናት፣ ሌላ ስም የላትም። በአንጻሩ ዘንዶ ከውስጥ እሳት አይችልም የምትለዋን አንዲት ትንሽ ነገር እዩልኝ። በጨዋታ መሃል ተጣለች። መጨረሻ ላይ ሬድ ዴዝ የሚባለው ጭራቅ የሞተው በእሷ ነው። ስለ ቀዳዳ ስናወራ የተሰፋውንም ማየት ደግ ነው።

አነጋገሩስ? በበርክ ትልልቆቹ በስኮትላንድ ቅላጼ ያወራሉ፣ ልጆቻቸው በአሜሪካ። ፈረንጆቹ ይህን አንስተው ሲስቁ አይጠግቡም። እኔን አልደነቀኝም። አባቴ የአማራ ሳይንት ሰው ናቸው፣ ልጄ ደግሞ ከደሴ ወጥቶ የማያውቅ ሆኖ «ፍሬንዶቼ»፣ «ፋዘር» ይላል። አያትና የልጅ ልጅ ሲያወሩ እኔ መሃል ሆኜ አስተረጉማለሁ።

የቱዝለስን አለቅነት በተመለከተ፣ ሕጉ ቀድሞ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ፊልም ሬድ ዴዝ ስትጠራ ዘንዶዎቹ ሁሉ ይግበሰበሳሉ፣ ቱዝለስም ሂካፕንና አስትሪድን ጀርባው ላይ እንደያዘ አብሮ ይነጉዳል። በሁለተኛው ቢዊልደርቢስት የሚባለው የዘንዶ ንጉሥ አእምሮውን ያዘው፣ ስቶይክን የገደለውም በዚህ ሁኔታ ነው። እስከዚህ ልክ ነው። የሚያጠያይቀው በኋላ ሂካፕ ሲያናግረው እንዴት እንደነቃ ነው። ያን ያህል ዘንዶ ሳይነቃ እሱ ብቻ? የማስረዳት ግዴታ ነበረባቸው፣ አላስረዱም። ግን ዕዳውን አስቀድመው ከፍለዋል ባይ ነኝ፣ አባትየው ሞቷል። በነጻ ቢነቃ ኖሮ እኔም እንባዬን መልሱ ካሉት ጎን እሰለፍ ነበር። አለቃ ሆኖ ለምን ሄደ ላልሽው፣ አለቃ ስለሆነ ነዋ የሄደው። መንጋው ሲሄድ እረኛው የት ይቀራል?

ተከታታዩን ካያችሁት ሌላ ጣጣ አለ። «ሬስ ቱ ዘ ኤጅ» የሚባለው ከ2015 እስከ 2018 ወጣ፣ 78 ክፍል ነው። ታሪኩ ግን በአንደኛውና በሁለተኛው ፊልም መካከል ነው የሚውለው። ማለትም የኋላው ቀድሞ ተሠርቶ የፊተኛው ተከትሎ ተጻፈ። በተከታታዩ ሂካፕ ከዘንዶ አዳኞች ጋር ለዓመታት ተዋግቷል፣ ተታሏል፣ ተከድቷል። ከዚያ ወደ 2014ቱ ፊልም ስትገቢ የኤሬትን ዘንዶ አጥማጆች ሲያገኝ እንዲህም ያለ ሰው አለ እንዴ ያለ ይመስላል። የዚያን ፊልም ዋና ጠላት ድራጎ ብለድቪስትንም አናግሬ አሳምነዋለሁ ይላል። የ2014ቱ ሂካፕ የዋህ ነው፣ የ78ቱ ክፍል ሂካፕ ግን የዋህ መሆን አይችልም። ይህን የምትጠግኚበት መንገድ የለም። ለወንድምሽ የምመክረው ተከታታዩን እንደ ሌላ ተራኪ አፍ እንዲያየው ነው። በ2011 የወጣችውን አጭሯን ፊልም ግን አትለፉ። ሂካፕ ለቱዝለስ ያለ ሰው ብቻውን የሚያበረው ጭራ ሠርቶ ይሰጠዋል፣ ቱዝለስ ሰባብሮ የድሮውን ያመጣለታል። ካንተ ጋር ነው የምበረው ማለቱ ነው። በሦስተኛው ፊልም ያንኑ ዓይነት ጭራ ሲቀበል ታዲያ ሆድ የሚያባባው ይቺን አጭር ላየ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለምን ተለያዩ?

መጀመሪያ ለእነሱ ልሟገት። መለያየቱ ድንገት የመጣ አይደለም። የካውል የመጀመሪያ መጽሐፍ ሲከፈት፣ ያረጀው ሂካፕ ልጅ ሳለሁ ዘንዶ ነበር እያለ ነው የሚጀምረው። ነበር። ዘንዶ እንደሚጠፋ ከመጀመሪያዋ መስመር ታውቋል። ደብሎይስም ሁለተኛውን ክፍል ሲቀበል ታሪኩን በሦስት ፊልም ልዝጋው ብሎ ነው። ስለዚህ መድረሻው ቀዳዳ አይደለም።

የተበላሸው ሒሳቡ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የድራጎ ብለድቪስትን የጦር መርከቦችና ተራራ የሚያህለውን ቢዊልደርቢስት አሸንፈዋል። በሦስተኛው የመጣው ግሪመል ቀጭን፣ ብልጥ፣ ጨካኝ ሰው ነው፣ ናይት ፊውሪን ዘሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ይላል። ሆኖም አንድ ሰው ነው። እሱም መጨረሻ ላይ ባሕር ገብቶ ሞተ። ጠላት ሞቶ፣ ድል ተገኝቶ፣ ከድሉ በኋላ ነው ሂዱ የሚሏቸው። ሌላ አዳኝ ይመጣል ነው ምክንያቱ። ይመጣል፣ ልክ ነው። ግን በርክ 300 ዓመት የኖረችው የሚመጣውን እየመከተች አልነበረም እንዴ? አንቺ «አሸንፈው ሲያበቁ» ያልሽው በትክክል ይህንን ነው።

ይህንንም ቢሆን እችለው ነበር። የማልችለው ሌላ ነው። አንቺም ወንድምሽም አላያችሁትም፣ እኔም በሦስተኛው ዕይታዬ ነው የነቃሁት። ሐምሌ ነበር፣ ከጦሳ የወረደው ጭጋግ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር፣ ልጄ ተኝቷል፣ ድምፁን ቀንሼ ብቻዬን እያየሁ። ሂካፕ ዘንዶ ከሰው ጋር በሰላም መኖር አይችልም፣ ሰው አልደረሰበትም ብሎ ሲወስን ይህን ነገር የት ነው የሰማሁት አልኩ። ቫልካ! በሁለተኛው ፊልም ያለችው ይህንኑ ነበር። ሰው አይለወጥም፣ ዘንዶ ተደብቆ ነው የሚተርፈው ብላ 20 ዓመት የኖረችለት ሐሳብ ነው። ደብሎይስ እንደተናገረው በመጀመሪያው ረቂቅ ቫልካ የተጻፈችው በተቃራኒ ወገን ሆና ነው። በፊልሙ ግን ልጇ ተሳስተሻል፣ እኔ አሳይሻለሁ አላት። በልጇ ቃል ጎጆዋን ትታ ወደ በርክ ተመለሰች። በዚያው ቀን ባሏን ቀበረች። በዓመቱ ልጅየው ዞሮ እሷ የነበረችበት ቦታ ቆመ።

ይህ ክርክር ተነስቶ ሲቋጭ አላየሁም። እማዬ፣ ያልሽው ደረሰ የሚል የለም። እሷም ነግሬህ ነበር አትልም። ሂካፕ ስለ ቱዝለስ አለቀሰ፣ እኛም አለቀስን፣ ደግ ነው። ክላውድጃምፐርስ? ቫልካ ለዚያ ዘንዶ ስትል ባል አጥታለች፣ የልጇን ልጅነት አጥታለች። 20 ዓመት ጀርባው ላይ ኖራለች። ስንብታቸው ከሌሎቹ ስንብት ጋር ተቀላቅሎ በጨረፍታ ያልፋል።

ለኔ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። ቫልካ 20 ዓመት አለመምጣቷን ምክንያቱ ቢሳሳም ችዬዋለሁ። ያ 20 ዓመት ምን ያህል እንዳስከፈላት ታሪኩ ራሱ መርሳቱን ግን አልችለውም። ኮንቲኒዩቲ የሚባለውን ነገር፣ የታሪክ ተያያዥነትን፣ ሰዎች ልብስና ጠባሳ መቁጠር ይመስላቸዋል። ሰውየው በየትኛው እጁ ሲጋራ ይዞ ነበር የሚለው። እሱማ ለሥራው የተመደበ ሰው አለው። ገጸ ባሕሪዋ ምን እንደከፈለች የሚቆጥር ሰው ነው የጠፋው።

እኔ ብጽፈው አንድ ገጽ አይፈጅም ነበር። ኮርቻ ሁሉ ከተፈታ በኋላ ሂካፕ ዞር ሲል እናቱ ገደሉ ጫፍ ላይ አለች። በትሯን ይዛለች። ክላውድጃምፐር ሄዷል። አጠገቧ ሄዶ ይቆማል። አንድም ቃል አልሰጣቸውም። እጇን ዘርግታ አገጩን ትነካለች፣ ያችን ጠባሳ። በቃ።

ለወንድምሽ እንግዲህ እንዲህ በይልኝ። እናትየዋ ያልመጣችው ፈርታ ነው፣ ትንሽም አፍራ። በራሪ ዘንዶ ኖሮሽም ወደ ቤት መብረር የሚከብድበት ጊዜ አለ። ይህን ሲሰማ «እሺ፣ ግን…» ማለቱ አይቀርም፣ ይበል። ቀጥሎ ሥራ ስጪው። ሦስተኛውን ፊልም ሲያይ ስንብቱ ላይ ሲደርስ ሂካፕን ትቶ ቫልካን ብቻ ይይ። እሷና ክላውድጃምፐር አንድ ላይ የሚታዩት ስንት ሰከንድ እንደሆነ በስልክሽ ሰዓት ይያዝና ቁጥሩን ላኪልኝ። እኔ ሁለቴ ሞክሬ ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው ያገኘሁት። ዓይኔ ሁለቱንም ጊዜ ቱዝለስን ተከትሎ ሄዶብኛል።